ኖክ ምንድን ነው? ያረጀ ሃይብሪድ ጠዋት ሲነሳ የሚያሰማው ድምፅስ?

ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ሃይብሪዱ (በቤንዚንና በኤሌክትሪክ ሞተር አብሮ የሚነዳው መኪና) ለሃያ ሰከንድ ያህል ይንዘፈዘፋል፣ ብረት በብረት የሚመታ የሚመስል ድምፅ ይሰማል፣ ከዚያ ምንም እንዳልነበረ ጸጥ ይላል። ይህን የሰማ ሁሉ «ኖክ እያደረገ ነው» ይላል። ምክሩም ወዲያው ይከተላል፦ ከፍ ያለ ኦክቴን ያለው ቤንዚን፣ ወፍራም ዘይት፣ የኢንጀክተር ማጽጃ፣ ሲከፋ ደግሞ ሞተር መቀየር። ድምፁ ግን ኖክ አይደለም። ስሙ ሲሳት መፍትሔውም አብሮ ይሳታል፤ በዚህ መሃል የሚባክኑት ሳምንታት ደግሞ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ አካልና በላይኛው ክፍል፣ በቴስታታው፣ መካከል ያለውን ማሸጊያ) በመቀየር ብቻ ሞተሩን ማዳን የሚቻልባቸው ናቸው።

ኖክ የሚባለው ይህ ነው። ካንዴላው ብልጭታ ከሰጠ በኋላ እሳቱ ወደ ዳር እየተስፋፋ ሳለ፣ ገና እሳቱ ያልደረሰበት የቤንዚንና የአየር ድብልቅ ሙቀቱና ግፊቱ በዝቶበት በራሱ ባንዴ ይነዳል። የሚፈጠረው የግፊት ሞገድ የሲሊንደሩን ግድግዳ ይመታል። ሲሊንደሩ 80 ሚሊሜትር ገደማ ስፋት ካለው ድምፁ ወደ 7 ኪሎኸርዝ ይጠጋል፤ ቀጭን፣ ጠጠር በቆርቆሮ ላይ ሲረግፍ የሚመስል ነው። ይህ እንዲሆን የሞቀ ሞተር፣ ከባድ ጭነትና ለድብልቁ ራሱን ለማንደድ የሚበቃ ጊዜ ያስፈልጋል። ሌሊቱን የቀዘቀዘ፣ ጭነት የሌለበት ሞተር ከእነዚህ ዋነኞቹን ሁለቱን አያሟላም። ስለዚህ «ሲነሳ ብቻ ኖክ ያደርጋል፣ ሲሞቅ ይተወዋል» የሚለው አባባል ራሱን በራሱ ያፈርሳል።

ሁለተኛው በዚሁ ስም የሚጠራ ነገር የቢየላ (ፒስቶኑን ከሚሽከረከረው ዋና ዘንግ የሚያገናኘው ክንድ) ማንኳኳት ነው፤ ቢየላው የሚዞርበት ስስ ትራስ፣ ብሮንዚናው፣ ሲበላ ይመጣል። እሱም ሲሞቅ አይጠፋም። ዘይቱ ሲቀጥን ይብስበታል፣ የሞተሩን ዙር ተከትሎም ይፈጥናል። ፒስቶን በግድግዳው ላይ የሚያሰማው መላተም ሲሞቅ ይቀንሳል፣ መኪናውን ግን አያንዘፈዝፍም። የካም ጊር መንኳኳትም አለ፤ አንድ ሰከንድ ያህል ተንኳኩቶ ያልፋል፣ ሞተሩም ወዲያው በአራቱም ይሠራል።

የእኛው ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ነው። አራት ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው ሊነሱ ነው እንበል። ሰዎቹ ሲሊንደሮቹ ናቸው፤ የቃሬዛው እንጨት ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኘው፣ ስፕሪንጎች የተሰኩበት ዳምፐር ነው። ኖክ ማለት አንዱ ተሸካሚ ከሌሎቹ ጋር እኩል ጀምሮ መሃል ላይ በድንገት ሲነጥቅ ነው። (ከመነሻው ቀድሞ ቢያነሳ ኖክ ሳይሆን ፕሪኢግኒሽን ነው፤ እነዚህንም ሁለቱን የሚቀላቅል ብዙ ነው።) የቢየላ ማንኳኳት የተሸካሚው ጉልበት መላላቱ ነው። ጠዋት የምንሰማው ግን አራተኛው ሰው ጭራሽ ሳያነሳ ሲቀር ነው፤ እግሩ ውሃ ውስጥ ነው። ሦስቱ ሲያነሱ ቃሬዛው ያዘነብላል፣ እንጨቱም ይንቋቋል። ጆሯችን የያዘው የእንጨቱን ድምፅ ነው። ስንቅ ማሻሻል የአራተኛውን እግር ከውሃው አያወጣውም። ኦክቴን ደግሞ ስንቅም አይደለም፤ ጉልበት አይጨምርም፣ ድብልቁ በራሱ እንዳይነድ መከላከል ብቻ ነው ሥራው።

በሃይብሪድ ይህ ድምፅ ከሌላው መኪና የሚከፋበት ምክንያት አለ። በቶዮታ ሥርዓት ሞተሪኖ የለም። ኤምጂ1 የሚባለው ሞተር-ጄኔሬተር ከሃይብሪድ ባትሪው ኃይል ወስዶ ሞተሩን በደቂቃ ወደ 1,000 ዙር ያደርሰዋል፣ ቤንዚን የሚረጨው ከዚያ በኋላ ነው። ሞተሩና ካምቢዮው ሁልጊዜ በዳምፐሩ እንደተያያዙ ናቸው፤ ረግጦ የሚያላቅቅ ፍሪሲዮን የለም። አንድ ሲሊንደር ሳይነድ ሲቀር የዳምፐሩ ስፕሪንጎች እስከ መጨረሻቸው ተጨምቀው ይመለሳሉ፤ መዶሻ የሚመስለው ድምፅ የሚወጣው ከዚያ ነው። የሃይብሪድ ባትሪው ከደከመና ሞተሩን ቀስ ብሎ ካዞረውም ንዝረቱ ይበረታል።

አንድ አስተያየት ሰጪ «የኮምፕሬሽን ሬሾው 13 ለ 1 ነው፣ ስለዚህ ከፍተኛ ኦክቴን ግድ ነው» ብሎ ሲከራከር አይቻለሁ። ቁጥሩ ትክክል ነው፣ ድምዳሜው ግን ስህተት ነው። ይህ ሞተር የሚሠራው በአትኪንሰን ዘዴ ነው፤ የመሳቢያው ቫልቮላ ዘግይቶ ስለሚዘጋ ፒስቶኑ ወደ ላይ ሲመጣ ከድብልቁ የተወሰነውን ወደ ማኒፎልዱ (አየር ወደ ሲሊንደሮቹ የሚገባበት ቱቦ) ይመልሰዋል። 13 የማስፋፊያው ሬሾ ነው። በእውነት የሚጨመቀው ከዚያ ያነሰ ነው፤ አምራቹ በመደበኛ ቤንዚን እንዲሠራ የፈቀደውም ለዚህ ነው።

አራተኛው ተሸካሚ እግሩን የነከረበት ውሃ ብዙ ጊዜ ኩላንት (ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ፈሳሽ) ነው። ይህ ችግር ከሁሉ በላይ የሚታወቅበት ሞተር የቶዮታ 1.8 ሊትር 2ዜድአር-ኤፍኤክስኢ ነው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2010 እስከ 2015 ሞዴል ያለው ፕሪየስ የሚጠቀምበት ማለት ነው። የቴስታታው ጓርኒሲዮን በጥቂቱ ሲሸነፍ፣ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ትኩስና ግፊት ያለው ኩላንት በስንጥቁ ጠብ ጠብ እያለ ሲሊንደር ውስጥ ይገባል። ጠዋት ካንዴላው እርጥብ ስለሆነ ሲሊንደሩ አይነድም። ከ10 እስከ 30 ሰከንድ ባለው ጊዜ ፈሳሹ ተንኖ በማርሚታው ነጭና ጣፋጭ ሽታ ያለው ጭስ ሆኖ ይወጣል፣ ሞተሩም ይስተካከላል። «ሲሞቅ ይተወዋል፣ ችግር የለውም» የሚያሰኘው ይህ ነው።

ችግሩ ግን ትልቅ ነው። የአንዱ ሲሊንደር መጠን 450 ሲሲ ገደማ ነው። በ13 ለ 1 ሬሾ ፒስቶኑ ጫፍ ሲደርስ ከላዩ የሚቀረው ባዶ ቦታ ወደ 37 ሲሲ ብቻ ነው፤ ሁለት ተኩል የሾርባ ማንኪያ ቢሆን ነው። ፈሳሽ አይጨመቅም። ኩላንቱ ያንን ቦታ ከሞላ ኤምጂ1 ሞተሩን ሲያዞር የሚታጠፈው ቢየላው ነው፤ አንዳንዴም ተሰብሮ የሞተሩን አካል ቀድዶ ይወጣል። ያኔ የጓርኒሲዮን ነገር ቀርቶ የሞተር ነገር ይሆናል።

ምርመራው የሚጀምረው ከቀላሉ ነው። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ ሳለ የኩላንቱን ከፍታ በማጠራቀሚያው ላይ ምልክት አድርጉ፤ በየሳምንቱ በዚያው ሰዓት እዩት። የሞተሩና የኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኃይል ለኤሌክትሪክ ሞተሮቹ የሚቀይረው ክፍል) ማጠራቀሚያዎች የተለያዩ ናቸው፤ የኢንቨርተሩን እያዩ «አልጎደለም» ማለት የተለመደ ስህተት ነው። ውጭ ምንም ሳያንጠባጥብ ከጎደለ ወደ ውስጥ እየገባ ነው። ከዚያ ከተንዘፈዘፈ በኋላ ስካነር ሰክታችሁ ኮዱን አንብቡ፤ ፒ0300 በየሲሊንደሩ የተበተነ አለመንደድን፣ ከፒ0301 እስከ ፒ0304 ያሉት ደግሞ የትኛው ሲሊንደር እንደሆነ ይናገራሉ። የዚያን ሲሊንደር ቦቢና (ለካንዴላው የብልጭታውን ኃይል የሚሰጠው) እና ካንዴላ ከሌላው ጋር አቀያይሩ። ኮዱ አብሮ ከተዛወረ ነገሩ ቀሊል ነው። እዚያው ሲሊንደር ላይ ከቀረ ቀጥሉ።

ወሳኙ ፈተና ሌሊት የሚያድር ነው። ሞተሩን አሙቁት፣ አጥፉት፣ የኩላንቱ ክዳን በእጅ ተይዞ እስኪከፈት ድረስ ጠብቁ፤ ትኩሱን መክፈት ፊት ያቃጥላል። በክዳኑ ቦታ የግፊት መሞከሪያ ፓምፕ ግጠሙና ወደ 1 ባር አድርሱት፤ ክዳኑ በሥራ ላይ የሚይዘው 1.1 ባር ገደማ ስለሆነ ከዚያ አታሳልፉ። አድሮ ጠዋት ሞተሩን ሳታስነሱ አራቱንም ካንዴላ ፍቱ፣ በቀዳዳው ቀጭን ካሜራ አስገብታችሁ የፒስቶኖቹን አናት እዩ። ጠብታ ካለ መልሱ ተገኘ። ጠብታ ባይኖርም ሦስቱ ፒስቶኖች ጥቁር ካርቦን ለብሰው አንዱ እንደታጠበ ካበራ፣ በእንፋሎት እየታጠበ የከረመ ነው።

ከማጠራቀሚያው በሚወጣው አየር ሰማያዊ ፈሳሽ ወደ ቢጫ የሚለውጠው የኬሚካል ፈተና ጥሩ ነው፣ ቢጫ ከሆነ ያረጋግጣል። ሰማያዊ ሆኖ ቢቀር ግን ነጻ አያወጣም። ስንጥቁ ገና ትንሽ ሲሆን ኩላንት ወደ ሲሊንደር ይገባል እንጂ ጋዝ ለመለካት በሚበቃ መጠን ወደ ኩላንቱ ላይወጣ ይችላል። በዚህ ፈተና ብቻ ተመርኩዞ «ጓርኒሲዮኑ ደህና ነው» የሚል ባለሙያ ሲያጋጥም ሌሊት የሚያድረውን ፈተና ጠይቁ።

ይህን ሁሉ ስትሠሩ መኪናው ራሱን ሊያስነሳ እንደሚችል አትርሱ። ቁልፉ ከመኪናው ይራቅ፣ የ12 ቮልት ባትሪው ይነቀል። በተቃራኒው ሞተሩ ሳይጠፋ እየሠራ ልትሰሙት ከፈለጋችሁ የጥገና ሁናቴ አለ። በዚህ ትውልድ ፕሪየስ ፍሬን ሳትረግጡ ማስነሻውን ሁለት ጊዜ ጫኑ። በፒ ላይ ነዳጅ መስጫውን እስከ ታች ሁለት ጊዜ፣ በኤን ላይ ሁለት ጊዜ፣ እንደገና በፒ ላይ ሁለት ጊዜ ርገጡ። ይህ ሁሉ በ60 ሰከንድ ውስጥ ያልቃል። ከዚያ ፍሬን ረግጣችሁ አስነሱት፣ ወደ 1,000 ዙር ላይ ይቆማል። በዚህ ሁናቴ አይነዳም፤ ካምቢዮው ይጎዳል።

ጓርኒሲዮኑን ከመወንጀል በፊት ሁለት ተጠርጣሪዎች አሉ። አንደኛው የኢጂአር (የጭስ ማውጫ ጋዝ ወደ ሲሊንደር የሚመልሰው ሥርዓት) ማቀዝቀዣ ነው፤ ውስጡ ኩላንት ስለሚዞር ሲቀደድ ኩላንቱን ወደ ማኒፎልዱ ይልከዋል፣ ምልክቱም ተመሳሳይ ነው። ሲፈታ ለብቻው በግፊት ይሞከር። ሁለተኛው በማኒፎልዱ ውስጥ የሚጠራቀም ውሃና የዘይት ተን ነው። በቀዝቃዛ ጠዋት፣ አጭር አጭር ጉዞ በሚያበዛ መኪና ላይ ሲነሳ አንዴ ይንዘፈዝፈዋል፤ የኩላንቱ ከፍታ ግን አይነቃነቅም። ይህ በጽዳትና በዘይት ተን መያዣ ጣሳ ይስተካከላል። ከዚህ በፊት የነበረው የ1.5 ሊትር ፕሪየስ ኢጂአር የለውም፤ እሱ ሲንዘፈዘፍ ከካንዴላና ከቦቢና ጀምሩ።

አሁን እውነተኛው ኖክ ወደ ታሪኩ ይገባል፣ ሰዎች ከሚፈልጉት ቦታ ሳይሆን በሌላ በኩል። ኢጂአር የቀዘቀዘ የጭስ ማውጫ ጋዝ ወደ ሲሊንደር እየመለሰ የእሳቱን ሙቀት ያወርዳል። ማቀዝቀዣው ለዓመታት በጥላሸት ሲደፈን ጋዙ ይቀንሳል፣ ሙቀቱ ይወጣል። ሞቆ አቀበት ሲወጣ ኖክ የሚመጣው ያኔ ነው፤ ኢሲዩው (የሞተሩ ኮምፒውተር) የብልጭታውን ጊዜ እያዘገየ ስለሚያፍነው ነጂው ላይሰማው ይችላል። የማኒፎልዱ ትንንሽ የኢጂአር ቀዳዳዎችም እኩል አይደፈኑም፤ አንዱ ሲሊንደር ጋዙ ሲበዛበት ሌላው ይጋላል። ያ ሙቀትና ግፊት የሚያደክመው ጓርኒሲዮኑን ነው። ጠዋት የሚሰማው ድምፅ ኖክ አይደለም፤ ከዓመታት በፊት ያልተሰማው ኖክ ግን ከመንስኤዎቹ አንዱ ሊሆን ይችላል። የኢጂአር ፍሰት ማነስን የሚናገረው ኮድ ፒ0401 እስኪበራ መጠበቅ አይበጅም፣ መተላለፊያው ክፉኛ ጠብቦም ላይበራ ይችላል።

መከላከያው እንግዲህ ግልጽ ነው። በየ80,000 ኪሎሜትሩ የኢጂአር ማቀዝቀዣውን፣ ቫልቮላውን፣ ቱቦውንና የማኒፎልዱን አራት ቀዳዳዎች አውጥቶ ማጽዳት እመክራለሁ። ማቀዝቀዣው በሞቀ ውሃና በቅባት ማሟሚያ ተነክሮ ይደር፣ ውሃ ያለ ምንም መሰናክል እስኪያልፍበት ይደጋገም። ሽቦ አታስገቡበት፤ ውስጡ ስስ ስለሆነ ይቀደዳል። ቫልቮላውን ብቻ አጽድቶ «ኢጂአር ጸድቷል» ማለት ምንም ማለት አይደለም፤ የሚደፈነው ከሁሉ በላይ ማቀዝቀዣው ነው። ኩላንቱ መጀመሪያ በ160,000፣ ከዚያ በየ80,000 ኪሎሜትሩ ይለወጥ። የውሃ ፖምፓው በቺንጋ ሳይሆን በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው፤ ሲደክም ድምፅ ሳያሰማ ሞተሩን ያግላል። ዘይቱ ከፊልትሮ ጋር 4.2 ሊትር 0ደብሊው-20 ነው። ወፍራም ዘይት ለዚህ ድምፅ የሚያደርግለት ነገር የለም።

ስንጥቅ የሚደፍን ፈሳሽ ኩላንቱ ውስጥ አትጨምሩ። ስንጥቁን ለጊዜው ቢይዝ እንኳ የኢጂአር ማቀዝቀዣውንና የማሞቂያውን ራዲያተር አብሮ ይደፍናል።

ቴስታታው ከወረደ በቀጥ መለኪያና በስስ ሉህ መለኪያ ይለካ፤ ከ0.05 ሚሊሜትር በላይ ከጎበጠ ማሽን ቤት ይሂድ። የሞተሩን ፊት በሚሽከረከር ሸካራ ዲስክ ማጽዳት ክልክል ነው፤ ብናኙ ዘይት ውስጥ ገብቶ ብሮንዚናውን ይበላል፣ ያኔ እውነተኛው የቢየላ ማንኳኳት ይመጣል። ቡሎኖቹ አዲስ ይሁኑ። ኢጂአሩ በዚያው ቀን ይጽዳ፣ አለዚያ አዲሱም ጓርኒሲዮን በዚያው መንገድ ይሄዳል። ኩላንቱ ከተሞላ በኋላ አየሩ ሙሉ በሙሉ እስኪወጣ በጥገናው ሁናቴ ይሥራ። ከዚያ አሥር ቀን ጠዋት ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ምልክት የተደረገበት ከፍታ ይታይ፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ጥቂት ቢወርድ የቀረው አየር ነው፣ ከአራተኛው ቀን በኋላ ከወረደ ሌሊት የሚያድረው ፈተና ይደገም።