መርከቡ ቱርክ ደርሶ ሲመለስ ቪዛው ይበቃል?

ውጭ ያሉ ልጆች ከደብረ ብርሃንና ከመንዝ እናት አባታቸውን የመርከብ ጉዞ ሲጋብዙ አንድ ነገር ያምታታቸዋል፦ ለግሪክ የወጣው ቪዛ ከቱርክ ሲመለሱም ያስገባ እንደሆነ። ከግሪኩ ፒሬዎስ ወደብ ከሚነሱት መርከቦች አንዳንዶቹ የቱርክን ኩሻዳሲ ይነኩና ወደ ግሪኳ ፍጥሞ ደሴት ይሻገራሉ። ኩሻዳሲ ለኤፌሶን ፍርስራሽ ቅርብ ናት። ፍጥሞ ደግሞ ዮሐንስ ራእዩን ያየባት ናት። ለእኛ አገር እናቶች ከዚህ የበለጠ ምን ጉዞ አለ!

ግን ግሪክ የሸንገን (በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች ስብስብ) አባል ናት፣ ቱርክ አይደለችም። ኩሻዳሲ ስትደርሱ ከሸንገን ወጥታችኋል። ፍጥሞ ላይ መውረድ እንደ ሁለተኛ መግቢያ ይቆጠራል። "ቪዛው ገና 10 ቀን ይቀረዋል" ማለት አያድንም። ቀኑና የመግቢያው ብዛት የሚታዩት ለየብቻ ነው።

ፓስፖርቱ ላይ የተለጠፈውን ቪዛ አንብቡ። የመግቢያ ብዛት በሚለው ስር 01 ካለ አንዴ ብቻ ነው፤ 02 ሁለቴ፣ "MULT" (ሙልት) ደግሞ ደጋግሞ ያስገባል። እናንተ ግን ቪዛው እስኪወጣ አትጠብቁ። ገና ስታመለክቱ የመርከቡን ሙሉ የጉዞ መስመር አያይዙና ከአንድ በላይ መግቢያ ጠይቁ። የቱርክን የመግቢያ ሁኔታም ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የመርከብ ድርጅቱን ጠይቁ።