በሌሊት ወገብን ማሞቅ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አክስቴ አንድ ጠዋት ወገቧን ገልጣ አሳየችኝ። ቆዳው ቀልቶ መሃሉ ላይ ውሃ ቋጥሯል። «አላቃጠለኝም እኮ፤ ተመችቶኝ ነው የተኛሁት» አለችኝ። እውነቷን ነው። ወገቧ ላይ አድርጋው ያደረችው ሙቅ ውሃ የያዘ ዕቃ ያን ያህል ትኩስ አልነበረም። ስኳር ሕመም አለባት፤ ቆዳዋ ሲጎዳ አልተሰማትም።

ወገብ ሲያም ማሞቅ ጥሩ ነው። ጡንቻን ያላላል፣ ሕመሙንም ለተወሰነ ጊዜ ያስታግሳል። ችግሩ ያለው አጠቃቀማችን ላይ ነው።

«ለብ ያለ ነገር አያቃጥልም»

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ቆዳ የሚቃጠለው በትኩሳቱ መጠን ብቻ ሳይሆን በቆይታውም ነው። ሞሪትዝ እና ሄንሪከስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1947 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ዛሬም ይጠቀሳል። 60 ዲግሪ የሆነ ነገር ቆዳን በጥቂት ሰከንድ ይጎዳል። 50 ዲግሪ አካባቢ ከሆነ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። 44 ዲግሪ ላይ ደግሞ 6 ሰዓት ያህል ይፈጃል። 44 ዲግሪ በእጅ ሲነካ ደስ የሚል ሙቀት ነው። 6 ሰዓት ደግሞ የአንድ ሌሊት እንቅልፍ ነው።

ነቅተን ሳለ ሲያቃጥለን ወዲያው እንሸሻለን። እንቅልፍ ሲወስደን ይሄ ንቃት ይደክማል። ማሞቂያው ላይ በጀርባ መተኛት ደግሞ የባሰ ነው። ሙቀቱ መውጫ ያጣል። በክብደታችን የተጫነው ቆዳም ደም በደንብ ስለማይዞርበት ሙቀቱ እዚያው ይጠራቀማል። ስለዚህ ማሞቂያ ወገብ ላይ ይደረጋል እንጂ አይተኙበትም። ስኳር ያለበት፣ እግሩ ወይም ጀርባው የሚደነዝዘው፣ በዕድሜ የገፋ፣ የእንቅልፍ መድኃኒት የወሰደ ወይም መጠጥ የጠጣ ሰው በተለይ ይጠንቀቅ።

ታዲያ ማታ ምን ይደረግ? ከመተኛትዎ በፊት ማሞቂያውን በፎጣ ጠቅልለው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያድርጉት። ከዚያ ያንሱትና ይተኙ። እንቅልፍ እንዳይጥልዎ የስልክዎን አላርም ይሙሉ። በጎን ሲተኙ በጉልበቶችዎ መሃል ትራስ ያድርጉ፤ በጀርባ ከሆነ ከጉልበት ሥር። ሌሊት ሕመሙ ከቀሰቀሰዎት ተነሥተው እንደገና 15 ደቂቃ ማሞቅ ይችላሉ።

«የኤሌክትሪኩ ዘመናዊ ነው፣ ቢያድር ችግር የለውም»

ውጭ ያሉ ልጆች ለወላጆቻቸው የሚልኩት ማሞቂያ ብዙ ቤት ገብቷል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት መቆጣጠሪያ መሥሪያ ቤት በ1995 እ.ኤ.አ. ስለዚህ ዕቃ ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር። በዚያ ጊዜ በአሜሪካ በዓመት 1,600 ያህል ሰዎች በማሞቂያው ተቃጥለው ድንገተኛ ክፍል ይሄዱ ነበር። በዓመት በአማካይ 8 ሰዎች ይሞቱም ነበር፤ አብዛኞቹ በተነሣ እሳት ምክንያት። ስለዚህ ከላኩ አይቀር በራሱ የሚጠፋውን ይላኩ። መመሪያውንም በስልክ በአማርኛ ያስረዱ። እናት በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ወረቀት ላያነቡት ይችላሉ። ገመዱ የተላጠ ወይም የታጠፈ ማሞቂያ አይሰካም።

«ሃይላንድ ላይ የፈላ ውሃ ሞልቶ መታቀፍ»

ይሄን ያላደረገ ቤት ያለ አይመስለኝም። የውሃ ጠርሙሱ ፕላስቲክ ግን ለፈላ ውሃ አልተሠራም። ከ70 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ ይልፈሰፈሳል፣ ይጨማደዳል፣ ክዳኑም ሊያፈስ ይችላል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይሄም ቢሆን ቆዳን ወዲያው ይልጣል። ለዚሁ የተሠራው የጎማ ቦርሳ ይሻላል። እሱም ቢሆን የፈላ ውሃ አይሞላበትም። እስከ ሁለት ሦስተኛው ብቻ ይሙሉት፣ አየሩን አስወጥተው ይክደኑ። ጎማው ከተሰነጣጠቀ ይጣል። ጨው አሙቆ በጨርቅ መቋጠርም ይቻላል። ግን ጨው ሙቀት ይዞ ስለሚቆይ መጀመሪያ በክንድዎ ውስጠኛ ቆዳ ይሞክሩት።

«ቅባት ተቀብቶ ከላይ ማሞቅ»

የሚያቃጥል ስሜት ያላቸው ቅባቶች ከማሞቂያ ጋር አይሄዱም። ሁለቱ ሲደራረቡ ቆዳ ይቃጠላል። አንዱን ይምረጡ።

«ብርድ ነው ኩላሊቴን የመታኝ፤ ሙቀቱ ያወጣልኛል»

ብርድ ወገብ ውስጥ ገብቶ አይቀመጥም። አብዛኛው የታችኛው ወገብ ሕመም የጡንቻ፣ የጅማትና የመገጣጠሚያ ነው። ኩላሊት ያለው ከፍ ብሎ፣ ከጎድን አጥንት ሥር ነው። ትኩሳት ካለ፣ ሽንት ካቃጠለ ወይም ሕመሙ በአንድ ጎን ከሆነ ምርመራ ያስፈልጋል። ብርዱ እስኪወጣ እያሉ ሙቀቱን መጨመር ደግሞ ቆዳውን ብቻ ነው የሚጎዳው። በየቀኑ ለሳምንታት የሚሞቅ ቆዳ ላይ መረብ የመሰለ ቡናማ ምልክት ይወጣል። ከሰል አጠገብ ሲቀመጡ የኖሩ እናቶች ቅልጥም ላይም ይታያል። ይሄን ካዩ ማሞቁን ያቁሙ።

«ከሰል አልጋው አጠገብ ቢያድር ወገብም ቤትም ይሞቃል»

እባካችሁ፣ ይሄን አታድርጉ። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ሽታም ቀለምም የለውም። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የተኛን ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ጭሱ ማለቁና ፍሙ መቅላቱ ደኅንነት አይደለም። ምድጃው ከመተኛትዎ በፊት ከቤት ይውጣ።

«ወገቡን ያመመው ሰው ይተኛ»

ቀናትን አልጋ ላይ ማሳለፍ ወገብን ይበልጥ ያደነድናል። ጠዋት ትንሽ አሙቀው ቀስ ብለው ይራመዱ። አዲስ ቅጭት ሆኖ ያበጠ ከሆነ ግን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ማሞቁን ይተዉት፤ ቀዝቃዛ ጨርቅ ይሻላል።

ሽንት ወይም ሰገራ አልቆጣጠር ካለ፣ በጭንዎ መሃል ያለው አካባቢ ከደነዘዘ ወይም እግርዎ ከዛለ ሳያድሩ ሆስፒታል ይሂዱ። ሕመሙ ከመውደቅ በኋላ ከመጣ፣ ወይም ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ካለው ደግሞ ለሐኪም ይንገሩ፤ የአከርካሪ ቲቢም ሊሆን ይችላል።

ከተቃጠሉ ቅቤ፣ ኮልጌት ወይም እንቁላል አይቀቡ። የሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ሥር 20 ደቂቃ ያቆዩት። ውሃ የቋጠረውን አያፈንዱት። አክስቴ ኮልጌት ቀብታ ነበር፤ ጤና ጣቢያ የወሰድኳት ቁስሉ መግል ከያዘ በኋላ ነው።