ውቅያኖስ ላይ ያለ አውሮፕላን እንዴት ይታወቃል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ድሬዳዋ ውስጥ ወደ ቶሮንቶ ወይም ወደ ዋሽንግተን የተሳፈረ ዘመዱን ጉዞ በስልክ ካርታ የሚከታተል ሰው ብዙ ነው። ምልክቱ አትላንቲክ ላይ ሲደርስ ተሰውሮ ቤተሰቡ የሚጨነቀው በአብዛኛው በሚከተሉት አመለካከቶች ምክንያት ነው።

«ምልክቱ ከስልኩ ከጠፋ አውሮፕላኑ ጠፍቷል»

አልጠፋም። እነዚህ ካርታዎች መረጃቸውን በዋናነት የሚያገኙት መሬት ላይ ከተተከሉ መቀበያዎች ሲሆን፣ የምድር ክብነት ስለሚጋርዳቸው በከፍታ የሚበርን አውሮፕላን እንኳ ከ400 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ አይሰሙትም፤ ይህም ከድሬዳዋ እስከ አዲስ አበባ ካለው የአየር ርቀት ጥቂት ቢበልጥ ነው። ራዳርም የሚገደበው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለሆነም አብራሪዎች ውቅያኖስ ላይ ያሉበትን ቦታ ለብዙ ዓመታት በረጅም ርቀት ሬዲዮ በቃል ሲያሳውቁ ቆይተዋል፤ ሬዲዮው ዛሬም ከአገልግሎት አልወጣም።

«ሳተላይት አውሮፕላኑን ከላይ ያየዋል»

ከሁሉም ሥር የሰደደው ስሕተት ይህ ይመስለኛል። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ምልክት ከማሰራጨት በቀር ማን እንደተቀበላቸው አያውቁም፤ ቦታውን የሚያሰላው አውሮፕላኑ ራሱ ነው። የተሰላውን ቦታ ወደ ምድር የሚያደርሱት ሌሎች ሳተላይቶች ናቸው። በአንደኛው መንገድ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪው ኮምፒውተር በስንት ደቂቃ አንዴ ሪፖርት እንደሚፈልግ ለአውሮፕላኑ ያሳውቃል፤ መልሱም ኢንማርሳት ወይም ኢሪዲየም በተባሉት የመገናኛ ሳተላይቶች በኩል ይመጣል። በሁለተኛው መንገድ አውሮፕላኑ ሳይጠየቅ በ1090 ሜጋኸርዝ የሚያሰራጨውን መረጃ 780 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የሚዞሩ 66 የኢሪዲየም ሳተላይቶች ይቀበሉታል። ይህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2019 ሰሜን አትላንቲክ ላይ ሥራ ሲጀምር፣ በተከታታይ በሚበሩ አውሮፕላኖች መካከል የሚጠበቀውን ርቀት ከ40 ኖቲካል ማይል (አንዱ 1.85 ኪሎ ሜትር ያህል ነው) እስከ 14 ዝቅ ለማድረግ አስችሏል።

«ከሳተላይት ጋር የተገናኘ አውሮፕላን ሊጠፋ አይችልም»

እ.ኤ.አ. መጋቢት 8 ቀን 2014 ዓ.ም. 239 ሰዎችን ይዞ የተሰወረው የማሌዥያው ኤምኤች370 ለዚህ በቂ መልስ ነው። ትራንስፖንደሩ (ለራዳር ጥያቄ የአውሮፕላኑን ማንነት የሚመልሰው መሣሪያ) እና የቦታ ሪፖርቱ ቢቋረጡም፣ የሳተላይት መሣሪያው ግንኙነቱ መኖሩን ለማረጋገጥ ከኢንማርሳት ጋር ለሰዓታት አጫጭር ምልክቶችን ይለዋወጥ ነበር። በምልክቶቹ ውስጥ ግን የቦታ መረጃ አልነበረም። ባለሙያዎቹ ምልክቱ ደርሶ ለመመለስ ከወሰደው ጊዜ አውሮፕላኑ ከሳተላይቱ ምን ያህል እንደሚርቅ አሰሉ፤ ርቀት ብቻውን የሚሰጠው ግን አንድ ነጥብ ሳይሆን ረጅም ቅስት ነው። በአውሮፕላኑና በሳተላይቱ እንቅስቃሴ የተነሳ የሚፈጠረው የሞገዱ ድግግሞሽ ለውጥ ጉዞው ወደ ደቡብ እንደነበር ቢጠቁምም፣ ፍለጋው ሰፊ የሕንድ ውቅያኖስ ክፍል መሸፈን ነበረበት።

«ዛሬ እያንዳንዱ አውሮፕላን በየሰከንዱ ይታወቃል»

ከእ.ኤ.አ. ኅዳር 2018 ጀምሮ የሚሠራበት የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መስፈርት አየር መንገዶች ውቅያኖስ ላይ ያሉ ትላልቅ አውሮፕላኖቻቸውን ቢያንስ በየ15 ደቂቃው እንዲከታተሉ ይጠይቃል። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን በዚህ ጊዜ 225 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። አደጋ ሲያጋጥም በየደቂቃው ቦታውን በራሱ የሚያስተላልፍ መሣሪያም በመስፈርቱ ተካቷል፤ ይህ ግን የሚመለከተው ከ27 ቶን በላይ የሆኑትንና የመብረር ብቃት የምስክር ወረቀታቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ከእ.ኤ.አ. 2024 ወዲህ ያገኙትን እንጂ ከዚያ በፊት የገቡትን አይደለም።