አት-ኢንክ ምንድን ነው?

«ጋሼ፣ ጭኜዋለሁ እኮ! ለምንድን ነው የለም የሚለኝ?»

የደብረ ብርሃን ብርድ ገና ሳይለቀን፣ ጋቢዬን ከትከሻዬ ሳላወርድ የመጣ ጥያቄ ነው። ልጅቷ ሌሊት ሌሊት በክሮን (ፕሮግራምን በተቀጠረለት ሰዓት በራሱ በሚያስነሳ መሣሪያ) የሚነሳ ስክሪፕት፣ ማለትም አጭር ፕሮግራም፣ ፐርል በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጽፋለች። ከስም ዝርዝር ውስጥ አንዱ «ኃይሉ»፣ ሌላው «ሀይሉ»፣ ሦስተኛው «ሐይሉ» ብሎ የጻፈውን አንድ ላይ የሚለቅም ነው። ለዚሁ ሬጌክስፕ-ኢትዮፒክ የተባለውን ሞጁል (ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁት የኮድ ክፍል) ከሲፓን፣ ከፐርል ሞጁሎች የኢንተርኔት ማከማቻ፣ አውርዳለች። በእጇ ስታስነሳው ይሠራል። ክሮን ሲያስነሳው ግን «ሞጁሉን አት-ኢንክ ውስጥ አጣሁት» የሚል ኤረር ጽፎ ይቆማል።

አት-ኢንክ (@INC) ፐርል ሞጁል የሚፈልግባቸው ፎልደሮች ዝርዝር ነው። ስክሪፕቱ «ዩዝ» ብሎ ሞጁል ሲጠራ ፐርል ዲስኩን ሁሉ አያስስም። በዝርዝሩ ያሉትን ፎልደሮች ከላይ ወደ ታች በየተራ ያያል፤ መጀመሪያ ያገኘውን ያነሳል፤ ካጣ ያቆማል። በቃ።

ሰው የሚሳሳተው ዝርዝሩ የኮምፒውተሩ ስለሚመስለው ነው። የእያንዳንዱ ፐርል የየራሱ ነው። ኮምፒውተሯ የሚሠራበት ሲስተም ኡቡንቱ 22.04 ይዞት የሚመጣው ፐርል 5.34 ነው፤ የኡቡንቱ ፕሮግራም መጫኛ አፕት የሚጭናቸው ሞጁሎችም የእሱ ናቸው። ልጅቷ ደግሞ በፐርልብሩ (ከሲስተሙ የተለየ ፐርል በሚጭን መሣሪያ) 5.40ን ሆም ፎልደሯ ውስጥ አስገብታለች፤ ሞጁሉን የጫነችውም እዚያ ነው። የጎረቤት ጎተራ በገብስ ስለሞላ የመንዝ ሰው የራሴ ሞልቷል አይልም።

ስክሪፕቱ መጀመሪያ ላይ፣ «ዩዝ» ከሚለው በፊት እንዲሠራ «ቢጊን» ብሎክ ውስጥ፣ ሁለት መስመር ጨመርን፤ አንዱ እየሠራ ያለውን ፐርል አድራሻ፣ ሌላው አት-ኢንክን ራሱን የሚያትም። በማግስቱ ሎጉ ላይ የወጣው 5.34 ነበር። ተርሚናሏ ሲከፈት ባሽ-አርሲ የሚባለውን የቅንብር ፋይል ስለሚያነብ የፐርልብሩን ፐርል ያስቀድማል፤ ክሮን ግን ያንን ፋይል አያነብም፣ የሚያውቀው ፓዝም (ፕሮግራም የሚፈለግባቸው ፎልደሮች ዝርዝር) አጭር ነው። የስክሪፕቱ የመጀመሪያ መስመር «ኢንቭ ፐርል» ስለሚል በዚያ አጭር ፓዝ ላይ ያገኘውን ፐርል ወሰደ። መስመሩን የ5.40 ሙሉ አድራሻ አደረግነው፤ ተስተካከለ።

እሷ ያሰበችው ሌላ ነበር፤ ፐርል-5-ሊብ በሚባለው ተለዋዋጭ (አት-ኢንክ ላይ ፎልደር በሚጨምር የሼል ቅንብር) የ5.40ን ፎልደር ለሲስተሙ ፐርል ማሳየት። በፐርል ብቻ የተጻፈ ሞጁል እንዲህ ቢደረግ ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ አደጋውም እሱ ነው፣ ያዘናጋል። እንደ ዲቢአይ (ከዳታቤዝ ጋር የሚያገናኝ ሞጁል) ያሉት ግን በሲ ቋንቋ የተጻፈ ክፍል አላቸው፤ ሲጫኑ ኮምፓይል የሚደረጉት (ወደ ማሽን ኮድ የሚለወጡት) ለተጫኑበት ፐርል ነው፤ በ5.40 የተሠራው 5.34 ላይ አይነሳም። ደግሞም ተለዋዋጩ፣ ይህ ፐርል ያ ፐርል ብሎ አይመርጥም፤ በዚያ ሼል የሚነሳውን ፐርል ሁሉ ይነካል።

«ታዲያ በሱዶ፣ በአስተዳዳሪ ፈቃድ፣ ሲስተሙ ላይ ልጫነው?» አለችኝ። እኔ አላደርገውም። እንደ ዴብኮንፍ (ፕሮግራም ሲጫን የቅንብር ጥያቄ የሚጠይቅ) ያሉ የኡቡንቱ መሣሪያዎች በዚያ ፐርል ላይ ቆመዋል፤ የአንድ ሞጁል አዲስ ቅጂ አፕትን ሊያደናቅፍ ይችላል።

ወደ አዲስ ፐርል ሲዛወሩም ፎልደር መገልበጥ አይበጅም። ፐርልብሩ ክሎን-ሞጁልስ የሚል ትእዛዝ አለው፤ የድሮውን የሞጁል ዝርዝር ወስዶ አዲሱ ላይ አንድ በአንድ እንደገና ይጭናል። ጊዜ ይወስዳል፤ መብራት የማይጠፋበትን ሰዓት ምረጡ።