ስለ ኢንዶስኮፒ ሥልጠና የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጫፉ ላይ ካሜራ ያለውን ተጣጣፊ ቱቦ በአፍ ወይም በፊንጢጣ አስገብቶ የምግብ ቧንቧን፣ ጨጓራንና አንጀትን መመርመር ኢንዶስኮፒ ነው፤ ትልቁን አንጀት የሚያየው ኮሎኖስኮፒ ይባላል። ሐኪም ይህን ሙያ እንዴት እንደሚማር የሚነገሩ አንዳንድ አባባሎች ታካሚን ስለሚጎዱ በዝምታ ሊታለፉ አይገባም። (ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«አይቶ፣ ሞክሮ ራሱ ይለምደዋል»
ብሪታንያ የዚህን ዋጋ አይታለች። በ2004 የታተመ ጥናት 9,223 ኮሎኖስኮፒዎችን መረመረ። ሐኪሞቹ እስከ ትልቁ አንጀት መነሻ፣ ማለትም በፊንጢጣ የገባው ቱቦ እስከሚደርስበት መጨረሻ፣ ደርሰናል ያሉት በ76.9 በመቶው ነበር፤ ማስረጃው በጥብቅ ሲመዘን ግን 56.9 በመቶ ብቻ ሆነ። የመጀመሪያዎቹን 100 ምርመራዎች በአሠልጣኝ ክትትል የሠሩት ሐኪሞች 17 በመቶ ብቻ ነበሩ። አገሪቱ የሥልጠና ማዕከላትን፣ የአሠልጣኞች ኮርስንና የብቃት ማረጋገጫን አጠናከረች፤ በ2011 ከ20,000 በላይ ምርመራዎች ሲታዩ እስከ መጨረሻው የተደረሰባቸው 92.3 በመቶ ሆኑ። በመካከሉ መሣሪያውም ተሻሽሏል፤ ትልቁን ሥራ የሠራው ግን ሥልጠናው ነው ብዬ አምናለሁ።

«ጎበዝ ሐኪም ሁሉ ጎበዝ አሠልጣኝ ነው»
ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ለዓመታት የሠራ ሐኪም ቱቦው አንጀት ውስጥ ሲጠመዘዝ መቼ ወደ ኋላ እንደሚስብ፣ ወዴት እንደሚያዞር እጁ ያውቃል። አስቦ ስለማያደርገው በቃል ማስረዳት ይቸግረዋል። ሠልጣኙ ሲጨነቅ የሚቀለው «ወዲህ ስጠኝ» ብሎ መቀበል ነው። ሠልጣኙም ችግሩ ሲፈታ አየ እንጂ መፍታቱን አልተማረም። ጥሩ አሠልጣኝ ለታካሚው እስካላሰጋ ድረስ እጁን ይሰበስባል። አስቀድሞም ከሠልጣኙ ጋር በቃላት ይስማማል፤ «ቁም»፣ «ወደ ኋላ ሳብ»፣ «አየር አውጣ» ሲባል ለሁለቱም ትርጉሙ አንድ ይሆናል። ምርመራው እየተካሄደ ንግግር አያበዛም፤ ዐይኑ ስክሪን ላይ የተተከለ ሰው ረጅም ማብራሪያ መስማት አይችልም። ማብራሪያው ሥራው ሲያልቅ ይደርሳል፤ ያኔም አንድ ወይም ሁለት ነጥብ ይበቃል።

«140 የሠራ በቅቷል»
በአሜሪካ 140 ኮሎኖስኮፒ የሚለው ቁጥር ለረጅም ጊዜ ሲጠቀስ ቆይቷል። ቁጥሩ ግን ምዘና የሚጀመርበት ወለል እንጂ የምስክር ወረቀት አልነበረም። በ2011 የወጣ ጥናት አማካይ ሠልጣኝ ብቁ የሚሆነው 275 ገደማ ሲሠራ መሆኑን አሳይቷል።

«መጨረሻው ድረስ ከገባ ሥራው አልቋል»
ዋናው ፍተሻ የሚካሄደው ቱቦው ሲወጣ ነው፤ ቢያንስ 6 ደቂቃ ይፈልጋል። ወደ ካንሰር ሊለወጡ የሚችሉ እባጮችን አዘውትሮ የሚያገኝ ሐኪም የመረመራቸው ሰዎች በኋላ በካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ያነሰ ነው። ስለዚህ መግባትን ብቻ ያስተማረ አሠልጣኝ ግማሹን አስቀርቷል።

«ሠልጣኝ ከነካኝ አደጋ ላይ ነኝ»
አደጋው ክትትል የሌለው ሠልጣኝ ነው። ታካሚ ማን እንደሚመረምረው፣ ማንስ አጠገቡ እንደሚቆም የመጠየቅ መብት አለው።

«መሣሪያው ከተገዛ ቀሪው ቀላል ነው»
በአርሲና በባሌ የምግብ ቧንቧ ካንሰር በብዛት ይታያል፤ ብዙ ታማሚዎች ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት መዋጥ ሲያቅታቸው ነው። በኢንዶስኮፒ የሚገባ ስቴንት (የጠበበ ቧንቧን ከፍቶ የሚይዝ የብረት ሽቦ መረብ) እንደገና እንዲመገቡ ያስችላቸዋል። ስቴንቱን የሚያስገባ ሐኪም፣ ቱቦውን አጥቦ ከጀርም የሚያጸዳ ነርስ፣ ሁለቱንም የሚያሠለጥን ሰው ከሌለ ግን መሣሪያው ቁም ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ ታማሚውም ምራቁን መዋጥ እያቃተው ወደ አዲስ አበባ ጉዞ ይጀምራል።