የታጠነ አሬራ ምንድን ነው?

«አሬራ ቅቤው ስለወጣለት ምግብነት የለውም፤ ዋናው ጥቅሙ ጭሱ ነው። ጭሱ ጀርም ስለሚገድል ሕፃን እንኳ ያለ ስጋት ሊጠጣው ይችላል።» ይህን አባባል፣ ቃላቱ ትንሽ እየተለዋወጡ፣ ስለ ባህላዊ ምግብ ከሚጽፉና ከሚናገሩ ሰዎች ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። የወተት ቴክኖሎጂ እንጀራዬ ስለሆነ ከዚህ በላይ ዝም ማለት አቃተኝ። በአንድ ትንፋሽ ሦስት ስህተት መናገርም ችሎታ ነው። ጭሱ የሌለው ሥልጣን ተሰጠው፤ አሬራው ያለውን ተነጠቀ።

አሬራ እርጎ ተንጦ ቅቤው ከወጣ በኋላ የሚቀረው ቀጭንና ኮምጠጥ ያለ ነጭ ፈሳሽ ነው። አሬራው ሲሞቅ አይቡ ይለያል፤ ከአይቡ የሚንጠፈጠፈው ቢጫማ ውሃ አጓት ነው። ይህን ላም ያለበት ቤት ያደገ ሁሉ ያውቀዋልና አልመላለስበትም። «የታጠነ» ሲባል ግን የታጠነው ወተቱ የተጠራቀመበት ዕቃ ነው። አሬራው ላይ ጭስ የሚነፋ ባለሙያ እስካሁን አላየሁም።

አጠናኑን ቀረብ ብሎ ላየ ነገሩ ግልጽ ነው። ቅሉ ወይም ገንቦው ይታጠባል፤ በብዙ ቤት በግራዋ ቅጠል ይፈተጋል፤ ከዚያ ተደፍቶ ውሃው ይንጠፈጠፋል። የደረቀ የወይራ ስንጥር ይለኮስና ነበልባሉ እፍ ተብሎ ይጠፋል። ጫፉ ፍም እንደሆነ፣ ጭሱ እየተትጎለጎለ ወደ ቅሉ ይገባል፤ አፉ ይከደናል፤ ቅሉ በሁለት እጅ ተይዞ ይገለባበጣል። ክዳኑ ሲነሣ የቅሉ ውስጥ ቡናማ ቀለም ይዟል፤ ሲነካ ይሞቃል፤ ጠብታ እርጥበት የለበትም። ከሰሉ ተራግፎ ከወጣ በኋላ ነው ወተቱ የሚገባው። በአንዳንድ አካባቢ ደግሞ የሚጨሰው እንጨት መሬት ላይ ተቀምጦ ዕቃው ይደፋበታል። ወይራ ከሌለ ጥድም፣ ግራርም፣ ክትክታም ያገለግላሉ፤ ሽታቸው ግን ይለያያል፤ የወይራን የለመደ አፍንጫ በሌላ አይታለልም።

እንጨት ሳይነድ ሲጨስ፣ ግትርነት የሚሰጠው ሊግኒን የተባለው ንጥረ ነገር ይሰባበርና ጓያኮልና ሲሪንጎል የሚባሉ የፊኖል ዝርያዎችን ይለቃል። የምንወደው ሽታ በአብዛኛው የእነርሱ ነው። ጥቂት አሴቲክ አሲድና ፎርማልዴሃይድም አብረው ይወጣሉ። እነዚህ ሁሉ በቅሉና በሸክላው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ውስጥ ተጣብቀው ይቀራሉ፤ ኋላም ቀስ እያሉ ወደ ወተቱ ይገባሉ። ባክቴሪያ እንዳይራባም ያዘገያሉ።

ያዘገያሉ ነው ያልኩት። ሲያዘገዩም ደጉን ከክፉው አይለዩም። እርጎውን የሚያረጉት የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎችም ስለሚቀንሱ በታጠነ ዕቃ ያለ ወተት ትንሽ ዘግይቶ ይረጋል፤ ቶሎም አይመርም። እንዲያውም ለጭሱ ከሚሰጠው ምስጋና ትልቁ ድርሻ ለፍሙ ሊሆን ይገባል ባይ ነኝ፤ እርጥበት የቀረበትን ቅል የሚያሞቀውና የሚያደርቀው እርሱ ነውና። የፕላስቲክ ጀሪካን በዚህ ረገድ ምንም አይጠቅምም። ፍም አይችልም፤ ጭስ አይዝም፤ ውስጡ ሲጫጫር ደግሞ ማንኛውም እጥበት የማይደርስበት የባክቴሪያ ሰፈር ይሆናል።

ጀርም ይገድላል ወደሚለው ስንመጣ፣ የምንፈራቸው ብሩሴላ የተባለው ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ ትኩሳት የሚያመጣ ባክቴሪያና የከብት ሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) ባክቴሪያ የሚመጡት ከታመመችው ላም ከወተቱ ጋር ነው። ቅሉን የቱንም ያህል ብታጥኑት፣ በሽታው በኋላ ከወተቱ ጋር ይገባል። ኮምጣጣነቱም ብዙ ተህዋስያንን ይጫናል እንጂ ሁሉንም አያጠፋም።

«እንግዲያው አሬራውን አፍልቶ መጠጣት ነው» የሚል መካሪ ደግሞ ከወዲያ ማዶ ተነሥቷል። እኚህ ሰው አሬራ አፍልተው እንደማያውቁ እርግጠኛ ነኝ። እርጎው ኮምጥጦ የኮምጣጣነት መለኪያው ፒኤች ወደ 4.6 ሲወርድ ኬዚን የተባለው ፕሮቲን ረግቷል፤ ንጠቱ ያደቀዋል እንጂ መልሶ አያሟሟውም። እሳት ሲነካው ተሰባስቦ አይብ ይሆናል። የፈላ አሬራ የሚባል መጠጥ የለም ማለት ነው። መፍላት ያለበት ወተቱ ነው፤ ያውም ከመርጋቱ በፊት። ፋብሪካዎች 63 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ወይም 72 ዲግሪ ለ15 ሰከንድ ያሞቁታል፤ ቤት ውስጥ አንድ ጊዜ ገንፈል እስኪል ማፍላት ይበቃል። ከዚያ ለብ እስኪል ይቀዘቅዛል፤ አንድ ሁለት ማንኪያ እርጎ ለእርሾ ይጨመርበታል፤ ወደ ታጠነው ዕቃ ይገለበጣል። እርሾው ራሱ ካልፈላ ወተት የተገኘ ከሆነ ግን ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው፤ በበር ያባረራችሁትን በመስኮት መልሳችሁ አስገባችሁት። አይብም ቢሆን በየቤቱ ከ40 እስከ 70 ዲግሪ ባለው ሙቀት ስለሚሠራ፣ ከታችኛው ጫፍ ላይ የተሠራው «እሳት ነክቶታል» ተብሎ የሚታመን አይደለም።

አሁን ወደ «ምግብነት የለውም»። ወተትን እንደ አንድ መሥሪያ ቤት አስቡት። ቅባቱ ሥራ አስኪያጁ ነው፤ ሲገባ የሚነሡለት፣ ስሙ በር ላይ የተለጠፈለት። እርጎው ተናጠና ሥራ አስኪያጁ ለቀቀ። አጃቢዎቹም ተከተሉት፤ ቫይታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ በቅባት የሚሟሙ ስለሆኑ አብዛኞቹ ከቅቤው ጋር ይወጣሉ። ከደጅ ያየ ሰው «መሥሪያ ቤቱ ተዘጋ» ይላል። ገባ ብሎ ቢያይ ግን ሠራተኛው ሁሉ በየጠረጴዛው ነው። ፕሮቲኖቹ አልተነቃነቁም። ካልሲየሙና ፎስፎረሱ በግምጃ ቤት አሉ። በውሃ የሚሟሙት ቫይታሚን ቢ2 እና ቢ12ም አልሄዱም። እንዲያውም ሥራ አስኪያጁ ሲጣደፍ ካፖርቱን ወንበሩ ላይ ረስቷል። እያንዳንዷ የቅባት ጠብታ በወተት ውስጥ በስስ ሽፋን የተጠቀለለች ናት፤ ንጠቱ ሽፋኑን ሲቀድደው ቅባቱ እርስ በርሱ ተያይዞ ቅቤ ይሆናል፤ ፎስፎሊፒድ በተባለ የቅባት ዓይነት የበለጸገው ሽፋን ግን አብዛኛው አሬራው ውስጥ ይቀራል።

የሠራተኛው ስንቅ ላክቶስ የተባለው የወተት ስኳር ነው፤ ከፊሉን ባክቴሪያዎች በልተው ላክቲክ አሲድ አድርገውታል። ትኩስ ወተት ሆዱን የሚነፋው ሰው አሬራ የሚቀልለው ለዚህ ነው፤ ከፊሉን ነው እንጂ ሁሉንም አይደለምና ጨርሶ የማይስማማው ሰው አለ። ሙቀት ሲመጣ ሠራተኛው ለስብሰባ ይጠራል፤ ኬዚን በሙሉ አንድ አዳራሽ ይታጨቃል፤ ያ አይብ ነው። ስብሰባ የማይወዱት ቀጫጭኖቹ ፕሮቲኖችና ቢ2 በብዛት በጓሮ በር ከአጓቱ ጋር ይወጣሉ፤ የአጓት ቢጫ አረንጓዴ ቀለም የቢ2 ነው። ብዙዎች የማይጠረጥሩት ደግሞ ይኸውና፦ ግምጃ ቤቱም አብሮ ይወጣል። አሲድ ካልሲየምን ከኬዚን ስለሚያላቅቀው አብዛኛው ካልሲየም አጓቱ ውስጥ ይሄዳል። ስለዚህ አይብ በፕሮቲን የከበረ፣ በካልሲየም ግን ከሚታሰበው በታች ነው፤ ካልሲየም የፈለገ አሬራውን ይጠጣ። ምሳሌውን ከዚህ በላይ ብጎትተው ይበጠሳል።

ሥራ አስኪያጁም ቢሆን ጨርሶ አልወጣም። በባህላዊ ንጠት የቅባቱ አንድ ክፍል ሁልጊዜ አሬራው ውስጥ ይቀራል፤ በተለይ እርጎው ሞቆ ከተናጠ ቅባቱ ይለሰልስና አይሰበሰብም። ለሙሉ ወተት እርጎ 20 ዲግሪ አካባቢ ይስማማዋል፤ ጠዋት በብርድ የሚንጡት ሴቶች ይህን ያለ ቴርሞሜትር ያውቁታል። በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ አዲስ አበባ የነበረው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ሀብት ማዕከል፣ ኢልካ፣ ገንቦው ውስጥ የሚሽከረከር የእንጨት መናጫ ሠርቶ የመናጫውን ጊዜ ማሳጠርና የሚወጣውን ቅቤ ማብዛት ችሎ ነበር። ቅቤው በበዛ ቁጥር አሬራው ይሳሳል፤ ስለዚህ «አሬራ ይህን ያህል ቅባት አለው» የሚል አንድ ቁጥር አትመኑ። በደፈናው 100 ግራም አሬራ 3 ግራም ያህል ፕሮቲን፣ ከ1 እስከ 1.5 ግራም ቅባትና 40 ካሎሪ ገደማ ይኖረዋል። አንድ ትልቅ ብርጭቆ በፕሮቲን ከአንድ እንቁላል አያንስም። ይህ ግን ውሃ ያልበዛበት አሬራ ነው። ሲናጥ ቅቤው እንዲሰበሰብ ውሃ የሚጨምሩ አሉ፤ ለገበያ ሲሆን ደግሞ ውሃው ከልክ ያልፋል።

ለሕፃን ይሰጣል የተባለው ያሳስበኛል። አንድ ዓመት ላልሞላው ልጅ የላም ወተትም ቢሆን የእናት ጡትን አይተካም፤ ቅባቱና ቫይታሚን ኤው የወጣለት አሬራማ ከዚያ ይብሳል። እስከ ሁለት ዓመት ድረስ ልጅ ቅባት ይፈልጋል። ነፍሰ ጡር ሴትም ካልፈላ ወተት የተሠራውን፣ ታጥኗል አልታጠነም፣ መተው አለባት። ስለ ጭሱ ሌላም አለ፦ እንጨት በደንብ ሳይነድ ሲቀር ፖሊሳይክሊክ አሮማቲክ ሃይድሮካርቦን የሚባሉ ለካንሰር የሚያጋልጡ ውህዶች ይፈጠራሉ። ቅባት ስለሚወዱ ከአሬራው ይልቅ ወደ ቅቤው ያደላሉ። ዕቃ ማጠንን ተዉ ማለቴ አይደለም፤ ከሰሉንና ጥላሸቱን አራግፎ መጥረግ ግን ለውበት ብቻ አይደለም።

ወደ ማጀቱ እንግባ። የታጠነ አሬራ ክብሩ ሲቀዘቅዝ ነው። የጭሱ ሽታ ከእንፋሎት ጋር ስለሚሄድ፣ ሽታውን የፈለገ ሰው እሳት አያሳየው። በጨውና በጤና አዳም፣ ደፋር ከሆኑም በቆንጥር ሚጥሚጣ ይጠጣል። ደረቅ እንጀራ ተፈትፍቶበት ጥቂት ቅቤና በርበሬ ሲጨመርበት የማይናቅ ምሳ ነው፤ ሥራ አስኪያጁን ለአንድ ቀን መልሶ እንደመቅጠር ነው። በሶም ከውሃ ይልቅ በአሬራ ሲበጠበጥ ሌላ ነገር ይሆናል፤ ገብሱ የጎደለውን ላይሲን የተባለ አሚኖ አሲድ የወተቱ ፕሮቲን ያሟላለታል። በገንፎ ዳርም ይፈስሳል። አይቡ ከጎመን፣ ከክትፎ፣ ከቆጮ ጋር ያለውን ዝምድና ማንም ስለሚያውቀው እዘለዋለሁ።

የሚፈላ ወጥ ላይ ከፈሰሰ ግን ይቆራረጣል። ወይ ከእሳት ወርዶ በረድ ሲል ይጨመር፣ ወይም ትንሽ ዱቄት ቀድሞ ይበጥበጥበት፤ ስታርቹ ፕሮቲኑን ይይዘዋል። ለአምባሻ ወይም ለድፎ ዳቦ ሊጥ በውሃ ፋንታ ሲገባ ዳቦው ይለሰልሳል። ቤኪንግ ሶዳ የምትጠቀሙ ከሆነ ለአንድ ኩባያ አሬራ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይበቃል፤ ከዚያ ያለፈው ሳሙና ሳሙና ይላል። አጓቱንም አትድፉት፤ ሊጥ ይቦካበት። ካልሲየሙ የት እንደሄደ ነግሬያችኋለሁ።

በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ ወገኖች በሱቅ ካርቶን የሚሸጠውን ባተርሚልክ አሙቀው አይብ ያወጣሉ፤ ያዋጣል። ይህ ምርት ግን በአብዛኛው ቅባቱ አስቀድሞ በማሽን የተቀነሰለት ወተት እርሾ ገብቶበት የረጋ ነው፤ አልተናጠም። ካፖርቱ፣ ማለትም የቅባት ጠብታዎቹ ሽፋን፣ የለም፤ ፕሮቲኑና ካልሲየሙ ግን አለ። የሱቅ ወተት አርግተው ቅቤ ለመናጥ የሚሞክሩም አሉ፤ ሆሞጂናይዝድ የሚል ከተጻፈበት ክንዳቸውን ያሳርፉ፤ ጠብታዎቹ ተሰባብረው ደቅቀዋልና በቀላሉ አይሰበሰቡም። ለጭሱ ደግሞ በጠርሙስ የሚሸጠውን የጭስ ፈሳሽ የሚጠቁሙ አሉ። በዚህ አልጣላም፤ እውነተኛ ጭስ በውሃ ተይዞ የተሠራ ነው፤ ለአንድ ሊትር ጠብታ ይበቃዋል። ዕቃ ማጠን የሚሻለው ሰው ግን እንጨቱ አይቸግረው፤ የሜዲትራኒያኑ ወይራ ከእኛው ጋር አንድ ዝርያ ስለሆነ ግንዱ ያገለግላል። ሸክላ ይጠቀም፤ ብርጭቆ በፍም ይሰነጠቃል። አፓርታማ ውስጥ በር ዘግቶ አይሞክረው፤ የጭስ ማስጠንቀቂያው ጎረቤት ቢሰበስብ ቀላሉ ነገር ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ሽታም ድምፅም ስለሌለው ሥራው ደጅ ላይ ይሁን።