ህንደኬ፣ አማዞኖችና የጣሪያ ሸክላ፦ ስለ ጥንት ሴት ተዋጊዎች የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«ከሮም ጋር የተዋጋችው ህንደኬ በሐዋርያት ሥራ የተጠቀሰችው ናት»

አይደለችም። ህንደኬ፣ በግሪኩ ካንዳኬ፣ የአንዲት ሴት ስም ሳይሆን በመርዌ ቤተ መንግሥት የሴት ማዕረግ ነው፤ እኛ «እቴጌ» እንደምንለው ማለት ነው። በሐዋርያት ሥራ 8፥27 ጃንደረባው የሚያገለግላት ንግሥት ከክርስቶስ ዕርገት በኋላ የነበረች ናት። ጦርነቱ ግን የተጀመረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ25 ዓመት ገደማ ነው፤ በመካከሉ ከ50 ዓመት በላይ አለ። የአገሩም ስም ያምታታል። የግሪክ ጸሐፊዎች ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ምድር ሁሉ «ኢትዮጵያ» ይሉት ነበር፤ መርዌ የምትገኘው በዛሬዋ ሱዳን ነው።

የግሪኩ የመልክዓ ምድር ጸሐፊ ስትራቦን የጦር መሪዋን በማዕረጓ ብቻ ጠርቶ ወንዳወንድና አንድ ዓይኗ የጠፋ ነበረች ይላል። ብዙ ተመራማሪዎች አማኒሬናስ ናት ይላሉ፤ ስሟ ከልዑል አኪኒዳድ ጋር በመርዌ አጠገብ በሐማዳብ በተገኘ የድንጋይ ጽሑፍ ላይ ይነበባል።

«ህንደኬ ሮምን ደምስሳለች»

በማኅበራዊ ሚዲያ የሚዞረው ይህ ነው። ጅማሬው የእሷ ነበር፦ በግብፅ ከነበረው የሮም ጦር ከፊሉ ወደ ዓረቢያ መዝመቱን አይተው ሰዎቿ አስዋንን፣ ኤለፋንቲንንና ፊላይን ያዙ፤ የአውግስጦስ ቄሣርንም ሐውልቶች ጣሉ። ከነዚያ ሐውልቶች የአንዱ ሳይሆን አይቀርም የሚባል የነሐስ ራስ በ1910 እ.ኤ.አ. በመርዌ ተቆፍሮ ወጥቷል። የተቀበረው በአንድ ቤተ መቅደስ መግቢያ ስር ነበር፤ የገባ ሁሉ ቄሣርን እየረገጠ እንዲያልፍ።

ከዚያ የግብፅ የሮም አስተዳዳሪ ፔትሮኒየስ 10,000 በማይሞላ እግረኛና 800 ፈረሰኛ ዘመተ፣ የህንደኬን ከተማ ናፓታን አወደመ፣ ፕሪምኒስ በሚባል ምሽግ 400 ወታደርና የ2 ዓመት ስንቅ ትቶ ተመለሰ። ህንደኬ በምሽጉ ላይ ስትዘምት ቀድሟት ደረሰ። ነገሩ በድርድር አለቀ፤ መልእክተኞቿ ቄሣርን በሳሞስ ደሴት አግኝተው የተጣለባቸውን ግብር አሰረዙ። ከተማዋ የወደመባት ወገን ግብር ሳትከፍል ከቀረች መደምሰስ አይባልም፣ መሸነፍም ማለት ይከብዳል።

«አርጤምስያ የፋርስን ባሕር ኃይል መርታለች»

የፊልም ነገር ነው። ለፋርስ የተዋጋችው የሃሊካርናሶስ (በዛሬዋ ቱርክ የነበረች ከተማ) ገዢ አርጤምስያ ፋርስና ግሪኮች በተዋጉበት በሳላሚስ የባሕር ጦርነት (ከክርስቶስ ልደት በፊት 480) የመራችው 5 መርከብ ነው፤ የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶተስ የፋርስን ጦር መርከቦች ጠቅላላ 1,207 ያደርሳቸዋል።

«አማዞኖች ደጋን ለመሳብ አንድ ጡታቸውን ይቆርጡ ነበር»

አማዞኖች በግሪክ አፈ ታሪክ የሚነገርላቸው ሴት ተዋጊዎች ናቸው። የጡቱ ወሬ ምንጭ የቃል ጨዋታ ነው፦ ግሪኮች ስሙን «አ» (ያለ) እና «ማዞስ» (ጡት) ብለው ፈቱት። የራሳቸው ሠዓሊዎች ግን አማዞኖችን ሁለት ጡት ይዘው ነው የሚሥሏቸው። ለመሳብም አያስፈልግም፤ ጅማቱ በሰውነት ጎን ያልፋል።

እውነተኞቹ ፈረሰኛ ሴቶች የሚገኙት በእስኩቴስ (የጥንት ፈረሰኛ ዘላን ሕዝብ) ዘመን መቃብሮች ነው። በቱቫ (በሩሲያ ሳይቤሪያ) በ1988 እ.ኤ.አ. የተገኘ የ2,600 ዓመት የልጅ መቃብር መጥረቢያ፣ 1 ሜትር ገደማ ደጋንና 10 ፍላጻዎች ነበሩበት። መስተዋትና ዶቃ ስላልነበረ ቆፋሪዎቹ «ወንድ ነው» አሉ። በ2020 እ.ኤ.አ. ዲኤንኤው ሲመረመር ከ14 ዓመት በታች የሆነች ልጃገረድ ሆና ተገኘች። መሣሪያ ካለ ወንድ፣ ዶቃ ካለ ሴት ብሎ መመደብ ስንት መቃብር አሳስቶ ይሆን?

«ተራ ሴቶች ከጦርነት ውጭ ነበሩ»

ትልቁ ስሕተት ይህ ነው። ጠላት ከተማ ውስጥ ከገባ ጦር ሜዳው ጠባብ መንገድ፣ መሣሪያው ደግሞ በእሳት የበሰለ የጣሪያ ሸክላ ይሆናል፤ ከላይ ሲወረወር የራስ ቁር ለብሶ መሄድ ብቻውን አያድንም። የኤጲሮስ ንጉሥ ፒሮስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ272 በግሪክ ከተማ በአርጎስ ጎዳና የወደቀው እንዲህ ነው፦ የግሪኩ ጸሐፊ ፕሉታርክ እንደጻፈው፣ ንጉሡ ልጇን ሊወጋ ሲል ያየች አሮጊት ሸክላ ጣለችበት፤ ከቁሩ በታች አንገቱን መታው።

በግሪክ ከተማ በፕላታያም ሴቶች ከክርስቶስ ልደት በፊት በ431 ሌሊት የገቡትን የጎረቤት ከተማ የቴብስ ወታደሮች በድንጋይና በሸክላ ደብድበዋል። ከተማዋ ስትከበብ ሌላው ሕዝብ ወደ አቴና ተልኮ 400 የአገሩ ሰዎች፣ 80 አቴናውያንና ዳቦ የሚጋግሩ 110 ሴቶች ብቻ ቀሩ። ለአራትና ለአምስት ሰው አንዲት ጋጋሪ መሆኗ ነው። በ427 ምሽጉ እጁን ሲሰጥ የተያዙት ወንዶች ተገደሉ፤ ሴቶቹ ባሪያ ሆኑ።